ቼክ ኢንጂን ሲበራ፦ የሴንሰር ብልሽትን ቤት ውስጥ ለይቶ መጠገን

ቼክ ኢንጂን (ዳሽቦርድ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) በርቶ መኪናው በስካነር ሲታይ የአንድ ሴንሰር ስም ከወጣ፣ ብዙው ሰው ቀጥሎ የሚሄደው መለዋወጫ ሱቅ ነው። አዲሱ ዕቃ ይገጠማል፣ ኮዱ (የስህተት ቁጥሩ) ይጠፋል፣ በማግስቱ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ተነስቶ በሽቦው፣ በሶኬቱ፣ በሴንሰሩና በማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመልሰው መስመር) በኩል ዞሮ ስለሚመለሰው መንገድ በሙሉ። ሴንሰሩ ከዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ መስመሩን የሚያበላሸው ብዙ ነው፦ ክረምት መንገድ ላይ የሚተኛው ውሃ፣ የሐይቁ ዳር እርጥበት፣ ከአስፋልት ወጣ ሲሉ የሚነሳው አቧራ፣ ሞተር ላይ በግፊት ውሃ የሚለቅ ላቫጆ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር ዳሽቦርዳቸው ሥር ሽቦ ተቆርጦ የተቀጠለባቸው ቶዮታ ቪትዞችም የራሳቸው ችግር አላቸው።

እዚህ የተጻፈው ለተለመዱት የቤንዚን መኪኖች፣ በተለይ ለቶዮታ ነው። ቢጫ ሽቦና ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ስለሆነ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አይነካም። የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ወፍራም ብርቱካናማ ገመድም እንዲሁ፤ እሱ ሰው ይገድላል።

ከመጀመርዎ በፊት

ቢጫው ርካሽ ቴስተር፣ ዲቲ 830 የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ችግሩ ውስጡ ያለው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ማሳየቱ ነው። ሞተር ጠፍቶ የመኪናው ባትሪ 14 ቮልት ነው ካለዎት የተበላሸው ቴስተሩ ነው። ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከመለካትዎ በፊት ሁለቱን ጫፎች አገናኝተው 200 ላይ ይዩት፤ ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት። ጫፎቹ ሳይነካኩ በስተግራ ብቻውን የሚቆመው «1» «መስመሩ ተቆርጧል» ወይም «ቁጥሩ ከመረጡት መለኪያ በላይ ነው» ማለት ነው እንጂ አንድ ኦም አይደለም። ኦም ሲለካ ቁልፉ ይጠፋል፣ ሶኬቱም ይነቀላል፤ ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ የሚወጣው ቁጥር ሐሰት ነው።

ከቴስተሩ ሌላ 10፣ 19 እና 22 ቁጥር ቁልፍ፣ ኮንታክት ክሊነር ስፕሬይ፣ ቀጭን ስፒል፣ ብርጭቆ ወረቀት ያዘጋጁ። ስፒሉ ሶኬቱ ሳይነቀል ከጀርባው በሽቦው ጎን ሰርስሮ ገብቶ ቮልት ለመለካት ነው። የሽቦ ሽፋን አይብሱ። በክረምት በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባና ከሁለት ወር በኋላ ሽቦው ከውስጥ ይበሰብሳል።

በስልክ የሚሠራ የብሉቱዝ ስካነር ኢኤልኤም 327 ካለዎት መሪው ሥር ያለው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ ይሰኩት። ካልበራ የሶኬቱን 16ኛ እግር ይለኩ፤ 12 ቮልት ከሌለ ፊውዙ ተቃጥሏል። በርቶም ከመኪናው ጋር ካልተገናኘ፣ በተለይ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ፣ ስካነሩን አይጣሉት። እነዚያ መኪኖች ቋንቋቸው የተለየ ነው፤ ኮዳቸውን ግን በመብራት ይነግሩዎታል። ቁልፉን አጥፍተው፣ የሶኬቱ ሰፊ ጎን ወደ ላይ ሆኖ፣ ከላይኛው ረድፍ ከግራ አራተኛውን እግር (4) ከታችኛው ረድፍ ከግራ አምስተኛው (13) ጋር በትንሽ ሽቦ ያገናኙ። ከዚያ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ያብሩ። መብራቱ ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለ ኮድ የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካለ 22 ነው። 22 የሞተር ውሃ ሙቀት፣ 24 የሚገባው አየር ሙቀት፣ 31 የማፕ (የሚገባው አየር ግፊት) ወይም የኤር ፍሎው (የሚገባው አየር መጠን)፣ 41 የትሮትል (የአየር መግቢያው በር)፣ 12 እና 13 የክራንክ (የሞተር ዙር)፣ 21 የኦክስጅን፣ 42 የፍጥነት ነው። የኤቢኤስ (የፍሬን) እና የኤርባግ መብራቶችም አብረው ብልጭ ቢሉ አይደንግጡ፤ የየራሳቸውን ኮድ እየተናገሩ ነው። ጫፍ ላይ ያለውን 16ኛውን እግር በስህተት ከነኩ ግን ፊውዝ ይሄዳል።

ብዙ ኮድ በአንድ ጊዜ ሲወጣ

አራት ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም። አራት ኮድ አንድ ላይ ካዩ የጋራቸውን ይፈልጉ፦ ባትሪ፣ ማሳ ወይም 5 ቮልት።

ባትሪው ሞተር ጠፍቶ፣ ካረፈ በኋላ፣ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ ይደናበራል። ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ዲናሞው አይሞላም። ሞርሴቶው (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያስረው) በእጅ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ያጥብቁት።

ማሳን በኦም መለካት ብዙም አይረዳም፤ አንድ ክር ብቻ የቀረለት ገመድ በኦም ጤነኛ ይመስላል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ ያድርጉና ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልዎ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው የማሳ ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። ብሎኑን ፈተው ሁለቱንም ፊት ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁ፣ ያጥብቁ፣ ከላይ ቅባት ይቀቡ።

5 ቮልት ደግሞ ኮምፒውተሩ ለማፕ፣ ለትሮትልና ለመሰሎቻቸው የሚያካፍለው ነው። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ሾርት ካደረገ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ቶዮታ ላይ ምልክቱ ልዩ ነው፦ ቁልፍ ሲበራ ቼክ ኢንጂን ጭራሽ አይበራም፣ መኪናውም አይነሳም፣ ስካነርም አይገናኝም። ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ተብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛው እዚህ ላይ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ቁልፉን አብርተው ከትሮትል ሶኬት ላይ 5 ቮልቱን ይፈልጉ። ከሌለ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮችን አንድ በአንድ ይንቀሉ። አንዱን ሲነቅሉ 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅለው ካልተመለሰ በብረት የተፋቀ ሽቦ ይፈልጉ። መሪው የተዛወረ መኪና ከሆነ ፍለጋውን ዳሽቦርዱ ሥር ካሉት ቅጥሎች ይጀምሩ።

ከላቫጆ ሲመለስ ወይም ዝናብ ሲጥል የሚጀምር

ምክንያቱ ሶኬት ውስጥ የገባ ውሃ ነው፤ ሴንሰር አይግዙ። የተጠረጠረውን ሶኬት ነቅለው በጥሩ ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጤነኛ የነሐስ እግር ያብረቀርቃል። የታመመው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል፣ አንዳንዴም አንዱ እግር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቀራል። ኮንታክት ክሊነር ይንፉ፣ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፣ ደግመው ይንፉ፣ 15 ደቂቃ ያድርቁ። የሶኬቱን የላስቲክ ቀለበት ይፈትሹ፤ ተሰንጥቆ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ውሃው ነገም ይገባል። ሲመልሱት «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ይስሙ። ምላሷ የተሰበረች ሶኬት በፕላስተር ተጠቅልላ ለጊዜው ትይዛለች፤ ጠጠር መንገድ ላይ ግን ትለቃለች።

ሞተር መታጠብ ካለበት ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይሁን። የላቫጆ ልጆችን «ኮፈን አትክፈቱ» ማለት ብዙ ወጪ ያድናል።

ጠዋት አልነሳ ማለት፣ ቤንዚን መብላት፣ ጥቁር ጭስ፣ የማያቆም ፋን

ይህ ስብስብ ወደ ሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር ያመለክታል፤ ኮዱ ከፒ0115 እስከ ፒ0118 ነው። ኮምፒውተሩ ንባቡን ሲያጣ ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ፋኑን ያለማቋረጥ ያዞራል፣ ቤንዚኑንም በግምት ይሰጣል። ዳሽቦርድ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ደህና መሆኑ አያሳምንዎ፤ አሮጌ መኪኖች ላይ ለመርፌው ባለ አንድ ሽቦ፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ ባለ ሁለት ሽቦ፣ ሁለት የተለያዩ ሴንሰሮች አሉ።

ፍተሻው ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ይጀመራል። መኪናው ሌሊቱን አድሮ ከሆነ ስካነሩ ላይ የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ልዩነት እኩል መሆን አለባቸው። አየሩ 18 ብሎ ውሃው 45 ካለ አንዱ ይዋሻል።

ቀጥሎ ሶኬቱን ይንቀሉ። ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ማለት አለበት። አሁን የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በስፒል ያገናኙ፤ ወደ 140 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መዝለል አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው፣ ሴንሰሩን ይግዙ። ሶኬቱ ተነቅሎ 40 ከዜሮ በታች ካልወረደ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። ተገናኝቶም ከፍ ካላለ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ማሳው የለም። ይህ ማገናኘት ለባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ብቻ ነው፤ ባለ ሦስቱ ላይ ከሞከሩት 5 ቮልቱን ሾርት ያደርጋሉ።

ስካነር ከሌለ ሴንሰሩን ራሱን ይለኩ። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ነው። ፈትተው ጫፉን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት እዚህ ከ200 እስከ 250 ኦም አካባቢ ይጠብቁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለ100 ዲግሪ ከተጻፈ ሠንጠረዥ ጋር አያወዳድሩት።

አሁን ብዙ የሚያሳስት ነገር። ኮዱ ፒ0125 ወይም ፒ0128 ከሆነና ሞተሩ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ውሃው ከ70 ዲግሪ ካላለፈ፣ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው። «እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታቱ የተነሳለት መኪና መሆን አለበት። ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። መፍትሄው ቴርሞስታቱን መመለስ ነው።

ሴንሰሩን ሲቀይሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ በትኩሱ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል። አዲሱን በእጅ ይዘው አሮጌውን በ19 ቁጥር ይፍቱና ወዲያው ይተኩት፤ ከአንድ ሁለት ብርጭቆ በላይ ውሃ አይፈስም። አዲስ ቀለበት ያድርጉ፣ ጠበቅ ሲል ይተዉት (20 ኒውተን ሜትር)፤ ከዚያ በላይ ነሐሱን ይቀነጥሳል። የጎደለውን በኩላንት ይሙሉ። ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ራዲያተር ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ያበጃል፣ ንባቡም ይዘገያል። በመጨረሻ ክዳኑ ገና ሳይዘጋ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው የካቢን ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተው አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ይጠብቁ። ውስጥ የቀረ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

የክራንክ ሴንሰር፣ ፒ0335። የውስጡ ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ቦቢና (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) እና የቤንዚን ፖምፓም እንዲህ ስለሚያደርጉ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በጠፋበት ሰዓት ሞተሪኖውን እያዞሩ ስካነሩ ላይ ወይም መርፌው ላይ የሞተር ዙሩን ይመልከቱ። 200 አካባቢ ካሳየ ክራንኩ ጤነኛ ነው፣ ወደ ቦቢናና ፖምፓ ይሂዱ። ዜሮ ከሆነ ቁልፉን አጥፍተው ባለ ሁለት ሽቦውን ሴንሰር በትኩሱ ይለኩ። በትኩሱ እንደ ዓይነቱ ከ1.2 እስከ 3.2 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ቴስተሩ 20k ላይ ሆኖ «1» ብቻ ከቆመ ተቆርጧል። በቀዝቃዛው መለካት እዚህ ዋጋ የለውም። ባለ ሦስት ሽቦው ግን በኦም አይለካም።

አንድ ባለ 10 ቁጥር ብሎን ብቻ ነው የያዘው። ሲያወጡት የብረት ብናኝ ጫፉ ላይ ተለጥፎ ካገኙ ጠርገው መልሰው ይሞክሩት፤ ማግኔት ስለሆነ ይሰበስባል።

ጉልበት ማጣት፣ ነዳጅ ሲሰጡ መደናቀፍ

ከተማው ሜዳ ስለሆነ ይህ ችግር ተደብቆ ይቆያል፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጡ ይገለጣል። የሚጠረጠሩት ኤር ፍሎውና ማፕ ናቸው። የትኛው እንዳለዎት ለማወቅ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ይዩ፦ አምስት ሽቦ ያለው ሶኬት እዚያ ከተሰካ ኤር ፍሎው ነው። ማፕ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ቱቦ) ላይ ወይም በቀጭን ጎማ ተያይዞ ይገኛል።

ማፕ ያለው መኪና ላይ ቁልፉን አብርተው ሞተር ሳያስነሱ ንባቡን ይዩ። መጻሕፍትና ቪዲዮዎች 100 ወይም 101 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት ይላሉ። ያ በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ባሕር ዳር ላይ ትክክለኛው ቁጥር 82 አካባቢ ነው፤ በዚህች ልዩነት ብቻ ጤነኛ ማፕ ይጣላል። በተቃራኒው እዚህ 100 የሚል ማፕ ካዩ እሱ ነው የታመመው። ሞተር ተነስቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከ30 እስከ 40 አካባቢ መውረድ አለበት። ካልወረደ መጀመሪያ የጎማ ቱቦውን ስንጥቅ ይፈልጉ።

ኤር ፍሎው ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ አለ፤ አቧራ ሲለብስ የሚገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል። ለእሱ ብቻ የተሠራ ስፕሬይ አለ። ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይንፉ፣ ሳይነኩ ሩብ ሰዓት ያድርቁ። ቤንዚን፣ የካርቡሬተር ማጠቢያ፣ የጎሚስታ ኮምፕረሰር፣ ጥጥ፦ አራቱም ይገድሉታል። ባለ 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ሞተር በሚኒሞ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ግራም አካባቢ ያሳያል። ሴንሰሩ ተጠርጎ የአየር ፊልትሮው የቆሸሸ ወይም ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ከሆነ በሳምንቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ሚኒሞ ከፍ ዝቅ ካለና ኮዱ ከፒ0120 እስከ ፒ0123 ከሆነ የትሮትሉን ምልክት ሽቦ በቮልት ይለኩ። በገመድ የሚሠራው ሲዘጋ ከ0.3 እስከ 1.0፣ ሙሉ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9 ነው። ዋናው ነገር በመካከል ሳይዘል መውጣቱ ነው። የርካሽ ቴስተር ቁጥር ስለሚዘገይ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ገመድ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ትሮትል ውስጥ ቁልፍ በርቶ ጣት አይገባም።

የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ ሲወጣ መጀመሪያ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የሚተነፍስበት ቀዳዳ ካለ ይድፈኑ፤ በዚያ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያሳስታል። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ኮድ ከሆነ ሁለቱን አንድ ዓይነት ቀለም ሽቦዎች ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 16 ኦም ነው። ሲፈቱት ሞተሩ ሞቅ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛው ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

ከጭቃ መንገድ በኋላ የኤቢኤስ መብራት ከበራ ጎማውን አውጥተው የሴንሰሩን ጫፍና ጥርስ ያለውን ቀለበት በውሃና በብሩሽ ይጠቡ። አብዛኛው እዚያ ያበቃል።

ሽቦ ሲቀጠል፣ ዕቃ ሲገዛ

የተቆረጠ ሽቦ ተጠምዝዞ ፕላስተር ከተጠቀለለበት አንድ ክረምት አያልፍም። በሶልደር ይበይዱ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ሽፋን ያልብሱ። ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ከሆነ ቅጥሎቹ እኩል ቦታ ላይ አይሁኑ። የክራንክ ሽቦ ዙሪያውን የሸፈነ የብረት መረብ ካለው መረቡንም መልሰው ያገናኙ፤ አለዚያ ከቦቢናው የሚወጣው ሁካታ ገብቶ ዙሩን ያወናብዳል። አይጥ የበላው ከሆነ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ውስጥም ይመልከቱ፤ ጎጆዋ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ቶዮታ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፦ 89422 የውሃ ሙቀት፣ 22204 ኤር ፍሎው፣ 89420 ማፕ፣ 89452 ትሮትል፣ 89465 ኦክስጅን። 89467 ግን መልኩ ከኦክስጅን ጋር አንድ ሆኖ ሥራው የተለየ ነው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ቀሪዎቹ አምስት ቁጥሮችም ከአሮጌው ጋር ይመሳከሩ። ከማያውቁት አዲስ ኮፒ ይልቅ ተለክቶ ጤነኛ የሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ቴስተሩን ኪስዎ ይዘው ሱቁ በር ላይ ይለኩት።

ኮዱን አጥፍቶ ማረጋገጥ

በስካነር ያጥፉት፣ ወይም የባትሪውን ኔጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ይፍቱ። ከዚያ በኋላ ሚኒሞው ለትንሽ ጊዜ ቢዋዥቅ ኮምፒውተሩ እየተለማመደ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የጠገኑትን ሶኬትና የሽቦውን እቅፍ በእጅ ይነቅንቁ፣ ይጎትቱ። ዙሩ ከተንቀጠቀጠ ሥራው አላለቀም። ከዚያ መኪናውን ያሙቁና ቤዛዊትን ወጥተው ይመለሱ። ብዙ ኮዶች መብራቱን የሚያበሩት ስህተቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲደገም ስለሆነ፣ መብራቱ መጥፋቱን አይመኑ። በስካነሩ «በመጠባበቅ ላይ ያሉ» ኮዶችን ይክፈቱ። ያው ቁጥር ተመዝግቦ ከጠበቀዎት ወደ ሶኬቱ ይመለሱ። አዲስ ቁጥር፣ በተለይ ፒ0171 (አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንስ የሚወጣው)፣ ካገኙ ግን ሲሠሩ የነቀሉትንና ያልመለሱትን ቀጭን የአየር ጎማ ይፈልጉ።